ሴንሰሩ ደህና ነው፤ ያልያዘው ሽቦው ነው

አንድ ተማሪ ከካርቦን ናኖቲዩብ (በዓይን ከማይታዩ ቀጫጭን የካርቦን ቱቦዎች) እና ከሲሊኮን ጎማ የግፊት ሴንሰር፣ ማለትም ግፊት መለኪያ፣ ሠርቶ ጫማ ውስጥ አንጥፎታል። ሲረገጥ ንባቡ ይዘላል፣ ሽቦው ሲነካ ይዋዥቃል፣ እግር ሲነሳም ቶሎ ወደ ቦታው አይመለስም። «ናኖቲዩቡን ከ2 ወደ 5 በመቶ ላሳድገው?» ሲል ይጠይቃል።

ወንድሜ፣ አታሳድገው። ሽቦው ሲነካ የሚዋዥቅ ከሆነ እኔ የምጠረጥረው ሽቦው ከጎማው ጋር የተያያዘበትን መያዣ ነው። መልቲሜትርህን (የኤሌክትሪክ መለኪያህን) ኦም፣ ማለትም ሬዚስታንስ መለኪያው፣ ላይ አድርግና የሴንሰሩን መሃል ብቻ በእርሳስ ጀርባ ተጫን። ቀጥሎ መሃሉን ሳትነካ ሽቦ የተያያዘበትን ጫፍ ብቻ ተጫን። ጫፉ ላይ ያለው ለውጥ ከበለጠ፣ እስካሁን ስትለካ የቆየኸው የላላ መያዣ ነው።

ላቦራቶሪ ውስጥ ሌላ ሰው በመዳብ ቴፕና በሱፐር ግሉ አያይዞልኛል ብለሃል። እንዲህ ያለ ሥራ ያናድደኛል! የርካሽ ቴፕ ማጣበቂያ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም፤ ሱፐር ግሉም አያስተላልፍም፣ ጎማው ሲታጠፍ ደግሞ ይሰነጠቃል።

አሁን ለምን አታሳድገው እንዳልኩህ ላስረዳ። ሲሊኮኑ ራሱ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም፤ የሚያሳልፉት በውስጡ የተበተኑት ናኖቲዩቦች ናቸው። ሲያንሱ ተራርቀው ይቀራሉ፤ ወንዝ ላይ ተራርቆ የተጣለ ድንጋይ ሰው እንደማያሻግር ሁሉ የኤሌክትሪክ ጅረቱም አያልፍም። መጠናቸው ሲጨምር አንድ ደረጃ ላይ ከዳር እስከ ዳር መንገድ ይገጥምና ሬዚስታንሱ (ለኤሌክትሪክ ያለው ተቃውሞ) በብዙ እጥፍ ዝቅ ይላል። ጥሩ ሴንሰር የሚሠራው ከዚያ ድንበር ትንሽ አለፍ ብሎ ነው። እዚያ መንገዶቹ ጥቂት ስለሆኑ ትንሽ ግፊት እንኳ ክፍተቱን ያጠባል፤ ኤሌክትሮን ደግሞ ጥቂት ናኖሜትር ካልራቀበት ሳይነካካም ይሻገራል። ናኖቲዩቡን ካበዛኸው መንገዱ ስለሚበዛ፣ ብትጫነውም ባትጫነውም ልዩነቱ ትንሽ ይሆናል። ድብልቁም ወፍሮ አየር ያቁራል።

ጥገናው እንዲህ ነው። የተበላሸውን ጫፍ በአልኮል አርሰህ በምላጭ ቁረጠው። በብርጭቆ ወረቀት ግን አትፈግፍግ፤ አቧራው ሳንባህ ይገባል። የሽቦውን ክሮች በትነህ ጫፉ ላይ አስቀምጥና ያንኑ ያልደረቀ የናኖቲዩብና የሲሊኮን ድብልቅ አልብሰው፤ ከዚያ አድርቀው። ሲሊኮንህ ሲልጋርድ 184 የሚባለው ዓይነት ከሆነ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ 35 ደቂቃ ይበቃዋል። የላቴክስ ጓንት አታድርግ፤ ያለው ድኝ ሲሊኮኑን ሳይደርቅ ያስቀረዋል። ናይትራይል ከሚባለው ሰው ሠራሽ ጎማ የተሠራ ጓንት ተጠቀም። ካውያም ወደ ጎማው አታስጠጋ፤ ብየዳው በሽቦው ሌላኛው ጫፍ ይሁን።

ከዚህ በኋላ የሚቀረው ቀስ ብሎ መመለስ የጎማው ጠባይ ነው። ደጋግመህ እየጫንክና እየለቀቅክ ካለማመድከው በኋላ ካሊብሬት አድርገው፤ ማለትም ንባቡን ከሚታወቅ ክብደት ጋር አስተያይ።

አዲስ ድብልቅ ስታዘጋጅ ደረቁን የናኖቲዩብ ዱቄት በክፍት ክፍል አትክፈት፤ ፊውም ሁድ (አየር እየሳበ የሚያስወጣ የላቦራቶሪ ሳጥን) ውስጥ ይሁን። የአሜሪካው የሥራ ጤና ተቋም በ2013 እ.ኤ.አ. ለናኖቲዩብ የመከረው ገደብ በአንድ ሜትር ኩብ አየር 1 ማይክሮግራም ብቻ ነው። የጨርቅ ማስክ አያስጥልም። ፊውም ሁድ ካላገኘህ ቀድሞ በሲሊኮን የተለወሰውን ግዛ፤ ዱቄቱን አትንካው።