ከፒን ፒን 0.5 ሚሊ ሜትር የሚራራቅ ቺፕ በእጅ ስለመበየድ

ወንድሜ፣ ለሙከራ ባሠራኸው ቦርድ ላይ ፒኖቹ (የብረት እግሮቹ) በ0.5 ሚሊ ሜትር የሚራራቁ ቺፕ እንዳለ ጽፈህ፣ ያለ ሙቅ አየር መሣሪያ በእጅ ይበየድ እንደሆነና ለዚሁ መርፌ የመሰለ የመበየጃ ጫፍ መግዛት ይኖርብህ እንደሆነ ጠይቀሃል። ይበየዳል። ጫፉን ግን አትግዛ።

ቀጭን ጫፍ ሙቀት አይዝም። ፓዱን፣ ማለትም ፒኑ የሚበየድበትን የቦርዱን መዳብ፣ እንደነካ ይቀዘቅዛል፤ አንተም ሙቀቱን እየጨመርክ ፓዱን ከቦርዱ ታስለቅቀዋለህ። ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር የሚሰፋ ጠፍጣፋ ጫፍ በ320 እና በ350 ዲግሪ ሴልሺየስ መካከል ይበቃሃል። ገንዘብህን ጥሩ ፍላክስ (ብየዳ የሚያግዝ ማጽጃ ቅባት) ግዛበት። ብዙ ጀማሪ እጁ በመንቀጥቀጡ ያማርራል፤ እኔ እንዳየሁት ግን ጎድሎ የሚገኘው ፍላክሱ ነው። ኦክሳይዱን (በመዳቡ ላይ ያለውን ዝገት) ጠርጎ የቀለጠውን ሊድ (የሚበየድበትን ብረት) ወደ ፓዱ የሚያስገባው እሱ ነው። በፓዶቹ መካከል ያለው አረንጓዴ ሽፋን ደግሞ ሊድ አይቀበልም፤ ስለዚህ ሊዱ ቦታውን ራሱ ያገኛል።

ቺፑን በወረንጦ አስቀምጥና የማዕዘን ፒን አንዷን ብቻ በጥቂት ሊድ ያዝ አድርጋት። አራቱንም ጎን በማጉያ መነጽር ተመልከት፤ ካልተስተካከለ አሁኑኑ አቃናው፣ በኋላ አይሆንም። ከዚያ የተቃራኒውን ማዕዘን በይድ። ቀጥሎ ፒኖቹን በፍላክስ አጥለቅልቃቸው፣ ጫፉ ላይ ጥቂት ሊድ ያዝና በፒኖቹ ዳር ሳትቸኩል ጎትተው። መጨረሻ ላይ ሁለት ሦስት ፒን ቢያያዝ አትደንግጥ፤ ፍላክስ ጨምረህ በንጹሕ ጫፍ ወደ ውጭ ሳበው። እምቢ ካለ በመዳብ ጉንጉን ምጠጠው፤ ጉንጉኑን ግን ከመበየጃው ጋር አብረህ አንሣ፣ ከቀዘቀዘ ፓዱን ይዞ ይነሣል።

ለመልመጃ በ183 ዲግሪ የሚቀልጠውን የ63/37 ቆርቆሮና እርሳስ ቅልቅል እመርጣለሁ፤ ስትጨርስ እጅህን ታጠብ፣ ጭሱንም አትተንፍሰው። ከሰፊው የግራውንድ (የኃይሉ መመለሻ) መዳብ ጋር የተገናኙ ፒኖች ሙቀት ስለሚበሉ ትንሽ ቆይባቸው። የሴራሚክ ካፓሲተር ሲሆን ፓዱን አሙቅ እንጂ አካሉን በመበየጃ አትንካ፤ ይሰነጠቃል፣ ስንጥቁም ላይታይህ ይችላል።

በእጅ የሚያስቸግረው ፓዱ ሆዱ ሥር የተደበቀ ቺፕ ነው። ለቀጣዩ ቦርድህ እንዲህ ያለውን ከመረጥክ፣ ከመሐል ፓዱ ሥር ሰፊ ቀዳዳ አስቀምጥና ከጀርባ በይደው።

ኃይል ከመስጠትህ በፊት ቦርዱን በአይሶፕሮፒል አልኮል አጽዳ፣ ፒኖቹን አንድ በአንድ በመርፌ ገፋ ገፋ እያደረግህ የማይነቃነቁ መሆናቸውን እይ፣ በኃይል መስመሩና በግራውንዱ መካከል ሾርት አለመኖሩንም በመልቲሜትር ለካ።