የሙያ ፈቃድሽን አታከራዪ

ከባሕር ዳር ለጻፍሽልኝ እህቴ፣

ሰላምታዬ ይድረስሽ። ደብዳቤሽን ላላዩት አንባቢዎች ፍሬ ነገሩን ላስቀድም። ከጎንደር ዩኒቨርሲቲ በፋርማሲ ከተመረቅሽ ሁለት ዓመት አልፎሻል፤ አሁን በአንድ የግል ፋርማሲ ተቀጥረሽ ትሠሪያለሽ። ማታ ማታ መድኃኒትና ኬሚካል በሰው አካል ላይ ስለሚያደርሱት ጉዳት የወጡ ጥናቶችን ስታነቢ ልብሽ ወደ ቶክሲኮሎጂ አዘነበለ፤ ሁለተኛ ዲግሪሽንም በዚሁ መስክ መማር ትፈልጊያለሽ። ጡረታ የወጡት አባትሽ ግን «አምስት ዓመት ያስተማርኩሽ ሰው እንድታድኚ ነው እንጂ መርዝ እንድታጠኚ አይደለም» ብለው ከአያትሽ የወረሱትን ቤት ሸጠው ፋርማሲ ሊከፍቱልሽ ተነሥተዋል። ገዢ እስኪገኝ ደግሞ አንድ የቤተሰባችሁ ወዳጅ በአንቺ ፈቃድ የመድኃኒት መደብር ከፍቶ በየወሩ ሊከፍልሽ ተስማምቷል። አንቺም «ፈቃዴን አከራይቼ በኪራዩ ብማርስ?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። ስለ ኬሚስትሪ ውጤትሽ፣ ስለ አይጦቹና አሜሪካ ስላለው ወንድምሽም ጽፈሻል፤ እነሱን ኋላ እደርስባቸዋለሁ።

ፈቃድሽን አታከራዪ። ለሦስት ወርም፣ ለዘመድም፣ ለትምህርት ክፍያም ቢሆን አታከራዪ። ሕጉ እንደሚከለክለው ታውቂያለሽ። ሁሉም ሰው እንደሚያደርገውም ጽፈሽልኛል፤ እውነት ነው፣ ብዙ ሰው ያደርገዋል። እኔ ግን ይህን ልማድ እንደ ቀላል ነገር ሲያወሩት መስማት አልችልም፤ ለደብዳቤሽ ቶሎ መልስ የጻፍኩትም በዚሁ ምክንያት ነው።

አንቺ አዲስ አበባ ክፍል ውስጥ ተቀምጠሽ ስትማሪ ባሕር ዳር ባንኮኒው ጀርባ የሚቆመው ማን ነው? ሥራውን በማየት የለመደ፣ ታታሪ፣ ፊደል የቆጠረ ልጅ ይሆናል። አንዲት እናት የስድስት ዓመት ልጇ ሌሊቱን ሙሉ ሲያስል እንዳደረ ትነግረዋለች። ልጁ ከመደርደሪያው ኮዴይን ያለበት ሽሮፕ ያወርድላታል። ከራሱ ላይ፣ በመስታወት ውስጥ፣ ያንቺ ስምና ፎቶ ተሰቅሏል።

አንቺ ያነበብሽው ሳይንስ እዚህች ባንኮኒ ላይ ነው ሥራ የሚጀምረው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ኮዴይን ብቻውን ያን ያህል ሕመም አያስታግስም። ጉበት ውስጥ ያለው ሲዋይፒ2ዲ6 የሚባለው ኢንዛይም ከፊሉን ወደ ሞርፊን ሲለውጠው ነው ኃይል የሚያገኘው። ይህን ኢንዛይም የሚያሠራው ዘረመል አንዳንድ ሰው ላይ ተባዝቶ ይገኛል፤ እንዲህ ያለ ሰው ኮዴይኑን ከሌላው ይልቅ በፍጥነትና በብዛት ወደ ሞርፊን ይለውጠዋል። በ1996 እሌኒ አክሊሉና የስዊድኑ ካሮሊንስካ ኢንስቲትዩት ባልደረቦቻቸው ባሳተሙት ጥናት፣ ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን 29 በመቶው ላይ ዘረመሉ ተባዝቶ ተገኝቷል። በስዊድናውያን ዘንድ ከ1 እስከ 2 በመቶ ነው። የአሜሪካው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ቶንሲላቸው በቀዶ ሕክምና ለወጣላቸው ሕጻናት ኮዴይን እንዳይሰጥ በ2013 ጥብቅ ማስጠንቀቂያ አወጣ፤ ከ12 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ኮዴይንም ትራማዶል የሚባለው የሕመም ማስታገሻም እንዳይሰጥ ያለው ደግሞ በ2017 ነው። ምክንያቱ መድኃኒቱ በዝቶባቸው እስትንፋሳቸው የተቋረጠ ሕጻናት ናቸው። ባሕር ዳር ላይ እየሳለ ያለው ልጅ ከ29ኙ ይሁን ከ71ዱ ማንም አልመረመረውም። እሱንና አደጋውን የሚለየው «ይህን ለልጅ አልሸጥም» የሚል ባለሙያ እዚያ መቆሙ ብቻ ነው። ያንን ባለሙያ ከቦታው አንስተሽ በገንዘቡ ስለ መድኃኒት ጉዳት ልትማሪ ነው? እኔ አልስማማም፤ አንቺም ጉዳዩን እንዲህ አድርገሽ ብታዪው የምትስማሚ አይመስለኝም።

ከዚህ የሚቀጥለው የአባትሽ ነገር ነው፤ በግልጽ ስናገር ቅር እንዳይልሽ። አባትሽ ለአንቺ ክፉ አላሰቡም። ሴት ልጃቸው በሰው ደጅ ተቀጥራ እንዳትቀር ፈርተዋል። ይሁን እንጂ ያ ቤት የእሳቸውና የእናትሽ መጦሪያ ነው። የጡረታ ደመወዝ ምን ያህል እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ፋርማሲ ከውጭ ሲያዩት ሰው የማይጠፋበት፣ ብር ሲቆጠር የሚውልበት ቤት ነው። ውስጡ የገባ ሰው የሚያውቀው ሌላ ነው፦ ኪራዩ በየዓመቱ ይጨምራል፣ የውጭ ምንዛሪ ሲጠፋ አስመጪው ተፈላጊውን መድኃኒት ያጣል፣ ጊዜው ሊያልፍ ሁለት ወር የቀረው ካርቶን ይከመራል፣ ዱቤ የወሰደው ጎረቤት ይጠፋል። ንግድ የሚወድ ፋርማሲስት ይህን ሁሉ ተቋቁሞ ያተርፋል፤ ይክፈት፣ አገሩም ያስፈልገዋል። አንቺ ግን በዚያ ሁሉ ገጽ ውስጥ ስለ ንግድ አንድ መስመር አልጻፍሽም። ስለ ጉበት ሙሉ ገጽ ጽፈሻል። በማትወጂው ንግድ የወላጆችሽ ቤት ቢጠፋ ጸጸቱን የምትሸከሚው አንቺ ነሽ፤ ስለዚህ «ቤቱን አይሽጡብኝ» ማለት ድፍረት አይደለም፣ እነሱን መጠበቅ ነው። ሽማግሌ ካስፈለገ አክስትሽን ያዢ፤ አባትሽ እሷን እንደሚሰሙ ጽፈሽልኛል።

«መርዝ ማጥናት ሰው አያድንም» ላሉት ደግሞ አንድ ታሪክ ንገሪያቸው። በ1937 አሜሪካ ውስጥ ሰልፋኒላማይድ የሚባል መድኃኒት በጣፋጭ ፈሳሽ ተሟሙቶ ተሸጠ። ማሟሟቻው ዲኤቲሊን ግላይኮል ነበር። ከ100 በላይ ሰዎች ሞቱ። በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ገዳዩ የትኛው እንደሆነ በእንስሳት ላይ ካጠኑት ሰዎች መካከል ፍራንሴስ ኦልዳም የምትባል ካናዳዊት ተማሪ ነበረች። (የተቀበላት ፕሮፌሰር ወንድ መስላው የመቀበያ ደብዳቤውን «ለአቶ ኦልዳም» ብሎ ነው የጻፈላት።) ከ20 ዓመት በላይ ቆይታ፣ በባሏ ስም ፍራንሴስ ኬልሲ ተብላ፣ በ1960 የአሜሪካው የመድኃኒት አስተዳደር ውስጥ ሥራ ያዘች። ከመጀመሪያዎቹ ሥራዎቿ አንዱ ታሊዶማይድ የተባለውን የእንቅልፍ መድኃኒት መዝገብ መመርመር ነበር። መድኃኒቱ በአውሮፓ በሰፊው ይሸጥ ነበር፤ አምራቹ ድርጅት በስልክም በአካልም ወጥሮ ያዛት። እሷ ግን የደኅንነት ማስረጃው አይበቃም ብላ ፈቃዱን ያዘችው። በኋላ መድኃኒቱ እርጉዞች ሲወስዱት ፅንስ እንደሚያጎድል ታወቀ፤ በዓለም ዙሪያ ከ10,000 በላይ ሕጻናት አካላቸው ጎድሎ ተወለዱ። ፕሬዚዳንት ኬኔዲ በ1962 ሸለሟት። ቁጥር ስፍር የሌለው የአሜሪካ ልጅ እጅና እግሩ ተሟልቶ የተወለደው ስለ መርዝ የተማረች ሴት መዝገብ አንብባ «ቆይ» ስላለች ነው።

ያረጀ ታሪክ ነው እንዳይሉሽ፣ ያው ዲኤቲሊን ግላይኮል በ2022 ጋምቢያ ገባ። ከሕንድ በመጡ የሳልና የጉንፋን ሽሮፖች ወደ 70 የሚጠጉ ሕጻናት ኩላሊታቸው ሥራ አቁሞ ሞቱ። የዓለም ጤና ድርጅት አራት ሽሮፖች ላይ ማስጠንቀቂያ ያወጣው በኦክቶበር ወር ነበር። ጋምቢያ ሽሮፑን የምትመረምርበት ላቦራቶሪ አልነበራትም፤ ናሙናው ውጭ አገር ተልኮ ነው መርዙ የታወቀው። እስከዚያ ግን ልጆቹ እየጠጡ ነበር።

እንግዲህ «ኢትዮጵያ ውስጥ በዚህ ትምህርት ሥራ አለ ወይ?» ብለሽኛል። አለ፤ ግን በቶክሲኮሎጂስትነት የሚወጣ ማስታወቂያ ብትጠብቂ ታረጂያለሽ። ሥራው ያለው በሌላ ስም ነው፦ በኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን የመድኃኒት ምዝገባ፣ የጥራት ምርመራና የጎንዮሽ ጉዳት ክትትል፤ በኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት የምግብ ምርመራ፤ የፀረ ተባይ ኬሚካልን በሚቆጣጠረው የግብርና ባለሥልጣን፤ መድኃኒት በሰው ላይ በሚሞከርባቸው እንደ አርማወር ሐንሰን ባሉ የምርምር ተቋማት። እኔ ከሆስፒታል መድኃኒት ክፍል ተነሥቼ ጥራት ምርመራ ላቦራቶሪ ገብቼ ነው ያደግሁት። ከዚያ ስለማይ ይሆናል፣ ለአንቺ መጀመሪያ የሚታየኝ መንገድም ይኸው የቁጥጥርና የላቦራቶሪ መንገድ ነው። ደመወዙ ፋርማሲ ከከፈቱት ጓደኞችሽ ገቢ ያንሳል፤ ይህን አልደብቅሽም። በሠራሽው ምርመራ አንድ ጭነት ሽሮፕ ከወደብ እንዲመለስ ስታደርጊ ግን የትኛው ሥራ ሰው እንደሚያድን አባትሽም ይገባቸዋል።

ጥናት ለመሥራትም ሩቅ አትሂጂ። ከባሕር ዳር ጎንደር ስትመላለሺ ያለፍሽበትን ፎገራን አስቢው። እዚያና ደንቢያ ጓያ ያደረሰውን ሽባነት ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው መንደር ለመንደር ዞረው አጥንተው በ1990 አሳተሙ። ወሎ ውስጥ ደላንታ ዳውንት በ1990ዎቹ ያው ሕመም ሲነሣ ዶክተር ኃይለየሱስ ጌታሁንና ባልደረቦቻቸው በ1999 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ለዓለም አሳወቁ፤ ጓያው ከሌላ እህል ጋር ተቀላቅሎ ሲበላ አደጋው እንደሚቀንስም ያሳዩት እነሱ ናቸው። ይህ ምክር ለአንድ ገበሬ ቤት ምን ማለት እንደሆነ አስቢው፤ ድርቅ ሲመጣ ማሳው ላይ የሚቆመው ጓያ ብቻ ነውና። ትግራይ ታሕታይ ቆራሮ ውስጥ ሰዎችን ሆዳቸውን እየነፋ የገደለው የጉበት በሽታም በመጨረሻ ከእህል ጋር ከተቀላቀለ አረም መርዝ ጋር ነው የተያያዘው። አዲስ አበባ ውስጥ በኤችአይቪ ታማሚዎች ላይ የተሠራ ጥናት ኢፋቪሬንዝ የተባለውን የኤችአይቪ መድኃኒት ቀስ ብሎ የሚያስወግድ ዘረመል ያላቸው ሰዎች ጉበታቸው ይበልጥ እንደሚጎዳ አሳይቷል። እነዚህን ጥያቄዎች ስዊድንና አሜሪካ ያለ ላቦራቶሪ ያግዛል፤ የሚጠይቃቸው ግን ታማሚውንና ማሳውን የሚያውቅ ሰው ነው።

ስለዚህ እንዲህ አድርጊ። አሁን ያለሽበትን ሥራ አትልቀቂ። የጎንዮሽ ጉዳት ማስታወቂያ ቢጫ ቅጹን አምጥተሽ ባንኮኒሽ ላይ አኑሪ፤ «ይህን ክኒን ከዋጥኩ ጀምሮ ሰውነቴ አበጠ» ያለሽን ሰው ሁሉ ሞልተሽ ላኪ። ኢትዮጵያ ከ2008 ጀምሮ የዓለም ጤና ድርጅት የመድኃኒት ክትትል ፕሮግራም አባል ስለሆነች አንቺ የሞላሽው ወረቀት ዓለም አቀፍ መዝገብ ሊደርስ ይችላል። ምርምር መሥራትሽን ከማንም ደብዳቤ በላይ የሚያስረዳልሽ ይህ ልምድ ነው። ጎን ለጎን ለድኅረ ምረቃ መግቢያ ብሔራዊ ፈተና ተዘጋጂ፤ አዲስ አበባም ጎንደርም በፋርማኮሎጂ (መድኃኒት በአካል ላይ እንዴት እንደሚሠራ በሚያጠናው መስክ) ሁለተኛ ዲግሪ ያስተምራሉ፣ በዚያ ውስጥ የመመረቂያ ጥናትሽን መርዛማነት ላይ ታደርጊዋለሽ። ገንዘቡን በተመለከተ የክልል ዩኒቨርሲቲዎች ለፋርማሲ ክፍላቸው ሰው ሲቀጥሩ አመልክቺ፤ ከደመወዝ ጋር የሚያስተምሩ አሉ፣ በምላሹ የአገልግሎት ግዴታ ትፈርሚያለሽ። ይህ ፈቃድ ከማከራየት ቀርፋፋ ነው፤ ምናልባት አንድ ሁለት ዓመት ያዘገይሻል። ይዘግይ።

የኬሚስትሪሽ ውጤት አያሳስበኝም፤ ስታቲስቲክስሽ ነው የሚያሳስበኝ፣ እሱን ዛሬ ጀምሪ።

ለሙከራ የሚውሉት አይጦች ስለሚያሳዝኑሽ አላፈርኩብሽም፤ መስኩም ወደዚያው እየሄደ ነው። በ2022 በወጣ አንድ ጥናት የሰው ጉበት ሴል የተዘራበት ትንሽ ቺፕ በ27 መድኃኒቶች ተፈትኖ ጉበት የሚጎዱትን 87 በመቶ ለይቷል፤ በዚያው ዓመት አሜሪካ አዲስ መድኃኒት የግድ በእንስሳት ይሞከር የሚለውን አስገዳጅ ሕግ አነሣች። አገራችን ውስጥ ግን ለተወሰነ ዓመት አይጥ ላይ መሥራትሽ አይቀርም። ሥቃያቸውን በሚቀንሰው ደንብ ሥሪ።

ወንድምሽ «እዚህ መጥተሽ ተማሪ» ማለቱ ጥሩ ነው፤ ለሦስተኛ ዲግሪ እንዲያስብልሽ ንገሪው፣ አሁን ገንዘቡን ለወላጆችሽ ይላክ።

ለቤተሰቡ ወዳጅ በዚህ ሳምንት ራስሽ ደውለሽ «አልችልም» በይው። አባትሽ በኩል እንዲነገረው አታድርጊ፤ ሰውየው እሳቸውን ይጫናል። ቢያኮርፍ ያኩርፍ። የጥናት ሐሳብሽን አንድ ገጽ ስትጽፊ ላኪልኝ፣ አነበዋለሁ።