ዳክስሁንድ ውሻዬ ከሶፋ ላይ እየዘለለች አስቸገረችኝ

ጥያቄ፦ ሰላም ነው? የምኖረው ሜሪላንድ ነው፣ 4 ዓመት የሆናት ዳክስሁንድ (ያቺ እግሯ አጭር፣ ጀርባዋ ረጅም የሆነች የውሻ ዝርያ) አለችኝ፣ ቀኑን ሙሉ ሶፋ ላይ ትወጣለች ትወርዳለች፣ በር ሲንኳኳማ ከአልጋው ጫፍ እንደ ድንጋይ ነው የምትወረወረው። ብቆጣትም አልሰማ አለች፣ ምን ላርግ?

መልስ፦ እህቴ ቁጣውን ተይው፣ አንቺ ስትጮኺ እሷ ጨዋታ ነው የሚመስላት። የዳክስሁንድ ነገር ግን የጠባይ ብቻ አይደለም፣ ያ አጭር እግር የሰጣት ዘር የጀርባ አጥንቷ መሃል እንደ ትራስ ያለውን ዲስክም ቶሎ ያደርቅባታል፣ ችግሩ ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 7 ዓመት ባለው ነው ብቅ የሚለው፣ ያንቺዋ ደግሞ እዛው መሃል ናት። ጥፋቱ ሁሉ የመዝለል ነው አይባልም፣ ግን ለምን ትሞክሪዋለሽ።

ራምፕ (ሶፋው ላይ የሚደገፍ ተዳፋት መወጣጫ) ግዢ፣ ላዩ ምንጣፍ ያለው ይሁን፣ አንዴ ካንሸራተታት ሁለተኛ አትረግጠውም። መጀመሪያ መሬት ላይ ዘርግተሽው ትንሽ ትንሽ የዶሮ ሥጋ እየጣልሽላት አስለምጃት፣ ከዛ ነው ሶፋው ላይ የምታስደግፊው። እስክትለምድ ቤት ጥለሽ ስትወጪ መኝታ ቤቱን ዝጊ፣ ሶፋው ላይ ወንበር ገልብጪበት (የኛ ሳሎን ለወራት መጋዘን ነበር የሚመስለው)። ስታነሺያት አንድ እጅሽ ደረቷ ስር ሌላው ቂጧ ስር፣ በብብቷ ይዞ ማንጠልጠል የለም።

ድንገት ጀርባዋን ካጎበጠች፣ ሲነኳት ከጮኸች ወይ የኋላ እግሯ ከተንገዳገደ ግን ነገ አትበይ፣ የዛኑ ቀን ቬት (የእንስሳት ሐኪም) ጋ ውሰጃት።