ስክሪፕቱ እየሠራ ነው፤ ግን ከየትኛው ፎልደር?

ጥያቄ፦ ኡቡንቱ ሰርቨራችን ላይ አንድ የፓይተን ስክሪፕት ከሁለት ፎልደሮች ተነሥቶ ሁለት ጊዜ እየሠራ ነው። «ፒኤስ» (የሚሠሩትን ፕሮግራሞች የሚዘረዝረው ትእዛዝ) ሁለቱንም «ፓይተን3 ሜን.ፓይ» ብሎ ብቻ ያሳየኛል። አሮጌውን ላቆም እፈልጋለሁ፤ የትኛው እንደሆነ ግን መለየት አልቻልኩም። ሎግ ፋይሉም (ስክሪፕቱ የሥራውን መዝገብ የሚጽፍበት) የት እንደሚጻፍ ጠፍቶብኛል።

መልስ፦ ሳይለዩ ባለማቆምዎ ደግ አደረጉ። ትእዛዞቹን እንደ አነባበባቸው ጽፈናቸዋል፤ ሲተይቡ በትንንሽ የላቲን ፊደላት ነው።

በመጀመሪያ «ፒግሬፕ -ኤኤፍ ሜን.ፓይ» ይበሉና የፕሮሰሶቹን፣ ማለትም በሥራ ላይ ያሉትን ፕሮግራሞች፣ ቁጥር ያግኙ። «ኤፍ» ከሌለች ፒግሬፕ የሚያየው የፕሮግራሙን ስም፣ ማለትም ፓይተን3ን ብቻ ስለሆነ ስክሪፕትዎን አያገኘውም። ቁጥሮቹ 4127 እና 4310 ናቸው እንበል። «ሱዶ ፒደብሊውዲኤክስ 4127 4310» ሲሉ ከየቁጥሩ ጎን ሙሉ የፎልደሩ መንገድ ይወጣል። ይህ ትእዛዝ ከሌለ «ሱዶ ሪድሊንክ /ፕሮክ/4127/ሲደብሊውዲ» ያንኑ ይነግርዎታል፤ ሊኑክስ ለእያንዳንዱ ፕሮሰስ ይህን ሊንክ ራሱ ያዘጋጃል። በአስተዳዳሪ ሥልጣን የሚያስፈጽመውን ሱዶ የጨመርነው ፕሮሰሱ በሌላ ተጠቃሚ ስም የተነሣ ከሆነ «ፐርሚሽን ዲናይድ» (ፈቃድ የለዎትም) ስለሚል ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በ«/ፕሮክ/4127/ኤንቫይረን» ውስጥ ያለውን ፒደብሊውዲ የሚባል፣ የፎልደር መንገድ የያዘ ቫሪያብል አምኖ ነው። እሱ ፕሮግራሙ ሲነሣ የተሰጠው ነው፤ በኋላ ፎልደር ቢቀይርም እዚያ ያለው አይለወጥም።

ከመንገዱ መጨረሻ «ዲሌትድ» የሚል ቃል ካዩ ፎልደሩ ፕሮሰሱ እየሠራ ሳለ ተሰርዟል ማለት ነው። አዲስ ኮድ ሲጫን አሮጌውን ሰርዞ በዚያው ስም ሌላ መፍጠር የተለመደ ነው፤ ስሙ አንድ ቢሆንም ፎልደሩ ሌላ ነውና ፕሮሰሱ እንደገና ካልተነሣ ወደ አዲሱ አይሻገርም። ዶከር (ፕሮግራሞችን ኮንቴይነር በሚባል የተለየ ክፍል የሚያሠራ መሣሪያ) ውስጥ ላለ ፕሮሰስ ደግሞ የሚታየው መንገድ የኮንቴይነሩ ነው፤ «/አፕ» ቢልዎት ሰርቨሩ ላይ አይፈልጉት። «ሱዶ ኤልኤስ /ፕሮክ/4127/ሲደብሊውዲ/» ብለው፣ የመጨረሻዋን እዝባር ሳይረሱ፣ ውስጡን በቀጥታ ይዩ።

ሎጉን በተመለከተ ፎልደሩን ማወቅ ብቻውን አይበቃም። ፕሮግራሙ ፋይሉን ከፍቶ ከዚያ በኋላ ፎልደር ቢቀይር ሎጉ የሚጻፈው በመጀመሪያው ቦታ ነው። ስለዚህ «ሱዶ ኤልኤስ -ኤል /ፕሮክ/4127/ኤፍዲ» ይበሉ፤ የተከፈቱት ፋይሎች ከነመንገዳቸው ይዘረዘራሉ። በየጊዜው ከፍቶ የሚዘጋ ፕሮግራም ከሆነ ግን በዚያች ቅጽበት ላይታይ ይችላል። ስክሪፕቱን ያስነሣው ሲስተምዲ (የሰርቨሩን አገልግሎቶች የሚያስነሣው) ከሆነና በቅንብሩ «ወርኪንግ ዳይሬክተሪ» የሚለው ካልተሞላ መነሻው ሥሩ «/» ነው፤ በክሮን (ሥራን በቀጠሮ ሰዓት በሚያስነሣው) ከሆነ የተጠቃሚው ሆም ፎልደር ነው። የጠፉ ሎጎች አብዛኛውን ጊዜ ከእነዚህ በአንዱ ይገኛሉ።

ጥያቄ፦ ማክ ላይ «/ፕሮክ» የለም። እዚያስ?

መልስ፦ «ኤልኤስኦኤፍ -ኤ -ፒ 4127 -ዲ ሲደብሊውዲ» ይጠቀሙ፤ ሊኑክስ ላይም ይሠራል። «-ኤ»ን አይተዉ። እሷ ሁለቱ መስፈርቶች በአንድነት እንዲሟሉ ታደርጋለች፤ ከሌለች ከሁለቱ አንዱን ያሟላ ሁሉ ይወጣና የሌሎች ፕሮሰሶች ፎልደርም አብሮ ይዘረገፋል።