የአንባቢያን ጥያቄ፦ ታይሪክ ሂልን የሸኘው ካንሳስ ሲቲ እንዴት ዋንጫ አነሳ?

በዚህ እትም ከደረሱን የስፖርት ጥያቄዎች አብዛኞቹ በአንድ ቡድን ዙሪያ የሚያጠነጥኑ ስለሆኑ፣ ዓምዱን በሙሉ ለካንሳስ ሲቲ ቺፍስ እና በተለይም ለ2022 የውድድር ዘመኑ ሰጥተነዋል። ዓመቶቹና ቀኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ጥያቄ፦ ውድ አዘጋጅ፣ የአሜሪካን ፉትቦል መከታተል ከጀመርኩ ብዙ አልቆየሁም። ካንሳስ ሲቲ በሊጉ እጅግ ፈጣን ከሚባሉት ኳስ ተቀባዮች አንዱ የሆነውን ታይሪክ ሂልን በ2022 ለማያሚ ዶልፊንስ አሳልፎ ከሰጠ በኋላ፣ በዚያው የውድድር ዘመን የሊጉን ፍጻሜ ሱፐር ቦውልን ማሸነፉ ግራ አጋብቶኛል። ሂልን የሸኙት ገንዘብ አጥሯቸው ነው ወይስ ተጣልተው? ኮከቡን የለቀቀ ቡድን ባሰበት እንጂ ተሻለው ሲባል ሰምቼ አላውቅም።

መልስ፦ ውድ አንባቢያችን፣ ባለቤቶቹ ገንዘብ አላጡም፤ ያጠራቸው በሒሳብ መዝገቡ ላይ ያለው ቦታ ነው። የአሜሪካን ፉትቦል ሊግ የሆነው ኤንኤፍኤል እያንዳንዱ ቡድን ለተጫዋቾቹ በዓመት ሊመዘግብ የሚችለውን ወጪ በጣሪያ ይገድባል፤ ይህ የደመወዝ ጣሪያ በ2022 208.2 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ባለቤቱ የቱንም ያህል ባለጸጋ ቢሆን ጣሪያውን ከፍሎ ማለፍ አይችልም። ካንሳስ ሲቲ ደግሞ በ2020 ክረምት ከኳርተርባኩ (ማጥቃቱን ከሚመራውና ኳሱን ከሚወረውረው ተጫዋች) ከፓትሪክ ማሆምስ ጋር፣ ከነማበረታቻው እስከ 503 ሚሊዮን ዶላር ሊደርስ የሚችል የአሥር ዓመት ማራዘሚያ ስለተፈራረመ፣ የጣሪያው ትልቅ ክፍል ለብዙ ዓመት በአንድ ሰው ስም ተይዞ ነበር።

ይህም ሆኖ ቡድኑ በመጋቢት 2022 ሂልን ለማቆየት ከወኪሉ ጋር ይደራደር ነበር። ድርድሩን ያፈረሰው ከውጭ የመጣ ዋጋ ነው። በዚያው ወር የግሪን ቤይ ፓከርሱ ዳቫንቴ አዳምስ ወደ ላስ ቬጋስ ሬይደርስ ሲሄድ በአምስት ዓመት 140 ሚሊዮን ዶላር የተጻፈለት ውል፣ የኳስ ተቀባይን ገበያ በአንድ ቀን ሌላ ደረጃ ላይ አደረሰው። ሂልም ከእርሱ የሚያንስ ዋጋ የሚቀበልበት ምክንያት አልነበረውም። ካንሳስ ሲቲ ያንን ዋጋ መክፈል ባለመፈለጉ መጋቢት 23 ቀን ሂልን ለማያሚ አሳልፎ ሰጠ፤ ማያሚም በአራት ዓመት 120 ሚሊዮን ዶላር የሚያወጣ ማራዘሚያ ፈረመለት። በምላሹ ካንሳስ ሲቲ አምስት የድራፍት ምርጫዎችን (ከዩኒቨርሲቲ የሚመጡ ወጣቶችን በተራ የመምረጥ መብት) ተቀበለ፤ ሦስቱ የ2022 ነበሩ፤ እነርሱም 29ኛው፣ 50ኛው እና 121ኛው ሲሆኑ፣ የቀሩት ሁለቱ የ2023 የአራተኛና የስድስተኛ ዙር ምርጫዎች ነበሩ።

ያኔ የሁሉም ሰው ጥያቄ «ሂልን ማን ይተካዋል?» የሚል ነበር። የተካው ማንም የለም። ጁጁ ስሚዝ-ሹስተር ከፒትስበርግ፣ ማርኬዝ ቫልዴዝ-ስካንትሊንግ ከግሪን ቤይ መጡ፤ ስካይ ሙር በድራፍት ተመረጠ፤ ከእነዚህ አንዳቸውም ግን የሂል ፍጥነት አልነበራቸውም። አሰልጣኙ አንዲ ሪድ ለአንድ ሰው ይደርስ የነበረውን ኳስ ለብዙዎች አካፈሉት፤ ከሁሉም የላቀውን ድርሻ የያዘው ትራቪስ ኬልሲም 110 ኳሶችን ተቀብሎ 1,338 ያርድ ሸፈነ። ማሆምስ 5,250 ያርድ የተጓዙ ቅብብሎችንና 41 ተችዳውን (ኳሱን ከተጋጣሚ የመጨረሻ መስመር አሳልፎ የሚገኝ ነጥብ) አስመዝግቦ የሊጉ ምርጥ ተጫዋች ተባለ። ቡድኑም በአማካይ በየጨዋታው 29.2 ነጥብ በማስቆጠር ከሊጉ አንደኛ ሆነ፤ መደበኛውን ውድድርም በ14 ድልና በ3 ሽንፈት አጠናቀቀ።

በእኔ እምነት ግን ዋናው ለውጥ ያለው እዚህ አይደለም። የማጥቃቱ ክፍል ማሆምስና ሪድ እስካሉ ድረስ ሂል ቢኖርም ባይኖርም ነጥብ ማስቆጠሩ አይቀርም ነበር። በ2021 የውድድር ዘመን የኮንፈረንስ ፍጻሜ፣ ማለትም ወደ ሱፐር ቦውል በሚያሳልፈው ጨዋታ፣ ካንሳስ ሲቲ በገዛ ሜዳው ሲንሲናቲን 21 ለ 3 ሲመራ ቆይቶ በተጨማሪ ሰዓት 27 ለ 24 የተሸነፈው፣ ሂልም ማሆምስም ሜዳ ላይ እያሉ ነው። እርጅናና ውድነት የተጫጫነው የመከላከሉ ክፍል ነበር፤ ሥራ አስኪያጁ ብሬት ቪችም ከሂል ያገኙትን አብዛኛውን እዚያ አፈሰሱት። 29ኛውን፣ 121ኛውንና የራሳቸውን 94ኛ ምርጫ ለኒው ኢንግላንድ ፓትሪየትስ ሰጥተው ወደ 21ኛው ቦታ ከፍ በማለት የጠርዝ ተከላካዩን ትሬንት ማክደፊን መረጡ፤ በራሳቸው 30ኛ ምርጫም የተጋጣሚን ኳርተርባክ የሚያሳድደውን ጆርጅ ካርላፍቲስን ወሰዱ። ታይራን ማቲው ወደ ኒው ኦርሊንስ፣ ቻርቫሪየስ ዋርድ ወደ ሳን ፍራንሲስኮ ሲሄዱ፣ የኋላው መስመር ከሂውስተን ከመጣው ጀስቲን ሪድ ጋር በአብዛኛው ለአዲስ ገቢዎች ተተወ።

ይህ ውሳኔ በመስከረም ድፍረት፣ በጥር ደግሞ ብልኅነት ተባለ። ጥር 29 ቀን 2023 ያው ሲንሲናቲ ያው ሜዳ ላይ ተመልሶ ሲመጣ፣ ኳርተርባኩ ጆ በሮው የወረወራቸውን ሁለት ኳሶች የጠለፉት ጄለን ዋትሰንና ጆሹዋ ዊሊያምስ ሁለቱም የመጀመሪያ ዓመት ተጫዋቾች ነበሩ፤ ዋትሰን እንዲያውም በድራፍቱ 243ኛ ሆኖ የተመረጠ ነው። ካንሳስ ሲቲ 23 ለ 20 አሸነፈ። ከሁሉም የሚገርመኝ ግን ኳስ ይዞ የሚሮጠው አይዛያ ፓቼኮ ነው። ከ262 ተመራጮች 251ኛ የሆነው ይህ ልጅ፣ ለአዲስ ገቢ የተወሰነው ዝቅተኛ ደመወዝ 705,000 ዶላር በነበረበት ዓመት 830 ያርድ ሮጦ፣ በሱፐር ቦውሉም ተችዳውን አስቆጥሯል።

የሱፐር ቦውሉ ጨዋታ የካቲት 12 ቀን በግሌንዴል፣ አሪዞና ተካሄደ። ካንሳስ ሲቲ እረፍት የወጣው በፊላደልፊያ ኢግልስ 24 ለ 14 ተመርቶ ነበር፤ በመጨረሻም ሀሪሰን በትከር 8 ሰከንድ ሲቀር በመታት ኳስ 38 ለ 35 አሸነፈ።

ጥያቄ፦ በለመድነው እግር ኳስ አንድ ተጫዋች ሲዛወር ገዢው ለሻጩ ይከፍላል። ማያሚ ለካንሳስ ሲቲ ስንት ከፈለ? ተጫዋቹስ አልሄድም ማለት ይችላል?

መልስ፦ አንድም ዶላር አልከፈለም። በኤንኤፍኤል የዝውውር ክፍያ የሚባል ልማድ የለም፤ የሚለዋወጡት ተጫዋች በተጫዋች ወይም ተጫዋች በድራፍት ምርጫ ነው። የድራፍት ምርጫ ማለት ከዩኒቨርሲቲ ቡድኖች ከሚመጡት ወጣቶች መካከል በተራ የመምረጥ መብት ሲሆን፣ ተራው የሚወጣው ከደካማው ቡድን ወደ ጠንካራው ነው። ተጫዋቹን በተመለከተ፣ ውሉ ውስጥ ያለፈቃዱ እንዳይዛወር የሚል አንቀጽ ካላስገባ በስተቀር ቡድኑ ሳይጠይቀው ሊልከው ይችላል። ሂል ግን አዲስ ውል ይፈልግ ስለነበር ተቀባዩ ቡድን አስቀድሞ ከእርሱ ጋር መስማማት ነበረበት፤ ኒው ዮርክ ጄትስም ቀርቦለት ስለነበር ማያሚን የመረጠው ራሱ ነው ማለት ይቻላል።

ጥያቄ፦ በነሐሴ መጨረሻ በአንድ ቀን ብቻ በመቶዎች የሚቆጠሩ ተጫዋቾች ተባረሩ የሚል ዜና አነበብኩ። ውል የፈረመ ሰው እንዲህ በቀላሉ ይባረራል ወይ? ከዚያስ ወዴት ይሄዳል?

መልስ፦ ይባረራል። በዚህ ሊግ ውል ማለት እንደ ስሙ አይደለም፤ በዋስትና የተጻፈው ክፍል ብቻ የተጫዋቹ ሲሆን፣ ከዚያ ውጭ ያለው ቡድኑ እስከፈለገው ቀን ድረስ ብቻ የሚከፈል ነው። ስለዚህ «የ120 ሚሊዮን ውል» የሚል ዜና ሲያነብቡ፣ ከዚያ ውስጥ በዋስትና የተያዘው ስንት እንደሆነ መፈለግ ይኖርብዎታል። ቡድኖች ከውድድሩ በፊት ባለው ልምምድ እስከ 90 ተጫዋቾች ይይዛሉ፤ ውድድሩ ሊጀመር ሲል ግን 53 ብቻ ማስቀረት አለባቸው። ሠላሳ ሁለቱም ቡድኖች ይህንን በአንድ ሰሞን ስለሚያደርጉ ነው ቁጥሩ ያንን ያህል የሚበዛው።

ከተቀነሱት መካከል በሊጉ አራት የአገልግሎት ዘመን ያልሞሉት በቀጥታ ነጻ አይወጡም፤ መጀመሪያ «ዌይቨር» በሚባለው ሥርዓት ያልፋሉ። በዚያ ጊዜ ሌላ ቡድን ተጫዋቹን ከነውሉ ሊወስደው ይችላል፤ ቅድሚያውም ባለፈው ዓመት ዝቅተኛ ውጤት ለነበረው ነው። ማንም ካልጠየቀው የቀድሞ ቡድኑ ወደ ልምምድ ቡድኑ ሊመልሰው ይችላል። በ2022 የልምምድ ቡድኑ 16 ቦታ ነበረው፤ በየሳምንቱ ከዚያ ሁለት ተጫዋቾችን ለጨዋታ ማሳደግ ሲቻል፣ አንድ ተጫዋች ግን በመደበኛው ውድድር በዚህ መንገድ ከሦስት ጊዜ በላይ አያድግም። የልምምድ ቡድን ተጫዋችን ሌላ ቡድን በዋናው ዝርዝር ውስጥ ለማስገባት እስከፈለገ ድረስ ሊወስደውም ይችላል፤ ስለዚህ አሰልጣኞች «ይህን ልጅ ደብቀን እናቆየዋለን» ብለው የሚያደርጉት ቁማር ብዙ ጊዜ ያቃጥላቸዋል።

ጥያቄ፦ በውድድሩ መካከል ተጫዋች ሲጎዳ ቡድኑ ምን ያደርጋል? ዝውውሩስ መቼ ይዘጋል?

መልስ፦ ጉዳቱ ረጅም ከሆነ ተጫዋቹ ወደ ጉዳተኞች ዝርዝር ይገባና ቦታው ለሌላ ይለቀቃል። በ2022 ደንብ እንደዚያ የገባ ተጫዋች ቢያንስ አራት ጨዋታ መቅረት ነበረበት፤ አንድ ቡድንም ከዚያ ዝርዝር መመለስ የሚችለው ስምንት ሰው ብቻ ነበር። ካንሳስ ሲቲ ሚኮል ሃርድማንን ለኮንፈረንስ ፍጻሜ መልሶ አሰለፈው፤ በዚያው ጨዋታ እንደገና ስለተጎዳ ግን ለሱፐር ቦውሉ አልደረሰም።

የልውውጡ ቀነ ገደብ በዚያ ዓመት ኅዳር 1 ነበር። ካንሳስ ሲቲ ቀኑ ከመድረሱ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ የኒው ዮርክ ጃያንትስን ካዳሪየስ ቶኒን በሦስተኛና በስድስተኛ ዙር ምርጫ አመጣው። ጃያንትስ ቶኒን ከአንድ ዓመት በፊት በመጀመሪያው ዙር የመረጠው ሲሆን፣ ጉዳት እየተደጋገመበት ተስፋ ቆርጦበት ነበር። ይህ ሰው በሱፐር ቦውሉ አንድ ተችዳውን ካስቆጠረ በኋላ፣ ፊላደልፊያ የለጋውን ኳስ ተቀብሎ 65 ያርድ በመሮጥ በሱፐር ቦውል ታሪክ ረጅሙን የፑንት (ተጋጣሚ ኳሱን ለቆ በእግሩ አርቆ ሲመታ) ምላሽ ሩጫ አስመዘገበ፤ ያቺ ሩጫም ቀጣዩን ተችዳውን አዋለደች። ቶኒ ከዚያ በኋላ ያንን ያህል አልደገመም፤ ለእነዚያ ጥቂት ደቂቃዎች ሲባል ግን የሦስተኛ ዙር ምርጫ ውድ ነበር የሚል የካንሳስ ሲቲ ደጋፊ የሚገኝ አይመስለኝም።

ጥያቄ፦ እንግዲያው በሂል ልውውጥ ያተረፈው ማን ነው?

መልስ፦ ብዙዎች ዋንጫውን ቆጥረው ለካንሳስ ሲቲ ይፈርዳሉ። ሂል ግን በማያሚ የመጀመሪያ ዓመቱ 119 ኳስ ተቀብሎ 1,710 ያርድ፣ በ2023 ደግሞ ከሊጉ ሁሉ የላቀ 1,799 ያርድ አስመዝግቧል፤ ስለዚህ ማያሚ የከፈለበትን አግኝቷል። እኔ የምለው ይህ ነው፤ ማሆምስ የሌለው ቡድን ይህንኑ ልውውጥ ቢያደርግ ኖሮ የዓመቱ ስሕተት ተብሎ ይጻፍበት ነበር።

ጥያቄ፦ የዛሬዎቹ ርካሽ ወጣቶች ነገ ይወደዳሉ። ያኔ እነርሱም እንደ ሂል ይሸኛሉ ማለት ነው?

መልስ፦ አዎ፤ ከሦስት ዓመት በኋላ የአዲስ ገቢ ውል ለድርድር ክፍት ስለሚሆን፣ ሒሳቡ ተመልሶ ይመጣል። ካንሳስ ሲቲ በየካቲት 2024 ሳን ፍራንሲስኮን 25 ለ 22 አሸንፎ ሁለተኛ ተከታታይ ዋንጫውን ባነሳ በሚቀጥለው ወር፣ በ2020 በአራተኛው ዙር መርጦ ያሳደገውን የጠርዝ ተከላካይ ለጃሪየስ ስኒድን ለቴኔሲ ታይታንስ አሳልፎ ሰጥቷል። በየካቲት 2025 ደግሞ በፊላደልፊያ 40 ለ 22 ተሸንፎ፣ ማሆምስም በዚያ ጨዋታ ስድስት ጊዜ ኳስ እንደያዘ ከተጣለ በኋላ፣ ሁሉም ሰው የመስመር ተጫዋች (ኳርተርባኩን ከፊት ሆኖ የሚከላከል) ይጨመራል ብሎ ሲጠብቅ ነባሩን የመስመር ተጫዋች ጆ ቱኒን ለቺካጎ ቤርስ ሰጠ። የተመለሰለት አንድ የአራተኛ ዙር ምርጫ ብቻ ነው። በደመወዝ ጣሪያው ሥር ያለው ቦታ የተፈለገው ከጥቂት ቀናት በፊት ከሊጉ በመስመር ላይ እጅግ ከፍተኛ ከሚባሉት ክፍያዎች አንዱን እንዲያገኝ ለተደረገው ለትሬይ ስሚዝ ነበር፤ ስሚዝም በ2021 በስድስተኛው ዙር፣ ሌሎች ቡድኖች ደጋግመው ካለፉት በኋላ የተመረጠ ርካሽ ተጫዋች ነበር።