በሰው ማሰሪያ እንደር ወይስ መልሕቅ እንጣል?

ጥያቄ፦ የድሬዳዋ ከዚራ ልጅ ነኝ፤ የምሠራው ጅቡቲ ነው። በጥር ወር ከጓደኞቼ ጋር በሸራ ጀልባ ወደ ሙሻ ደሴት ሄደን ለማደር አስበናል። ባለቤታቸው የማይታወቅ ተንሳፋፊ ማሰሪያዎች እዚያ እንዳሉ ሰምተናል። በእነሱ እንታሰር ወይስ የራሳችንን መልሕቅ እንጣል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሥሩን ያላየኸውን ማሰሪያ አትመን። መርከብ ላይ የመልሕቅ ሰንሰለት ስጠብቅ ኖሬ፣ አሁን ድሬዳዋ ውስጥ የክሬን ሰንሰለት እየመረመርኩ እተዳደራለሁ። በሁለቱም ሥራ ያየሁት አንድ ነው፤ ሰንሰለት የሚበጠሰው ዓይን በማያርፍበት ቦታ ነው። ተንሳፋፊው አዲስ ቀለም የተቀባ ሊሆን ይችላል። ከታች ግን ሰንሰለቱ ከባሕሩ ወለል በሚነሣበትና ተመልሶ በሚተኛበት ቦታ ሌት ተቀን ከአሸዋ ጋር ይፋጫል።

ስለዚህ ሌላ ጀልባ እንዳልታሰረበት አረጋግጥና የመዋኛ መነጽር አድርገህ ውረድ። ቀለበቶቹ እርስ በርስ የሚነካኩበትን ውስጠኛ ጎን በጣትህ ዳስስ። ሣርና ዛጎል የለበሰው ክፍል አያስደንግጥህ፤ የሚያሳስበው ተፍቆ ያብረቀረቀውና የሳሳው ነው። ከውፍረቱ ሲሶው ከተበላ ተወው። የማያያዣዎቹ ብሎን በሽቦ ካልታሰረም ተወው፤ መወዛወዙ ብቻውን ይፈታዋል። ሰንሰለቱን ከባሕሩ ወለል ላይ የያዘው የኮንክሪት ድንጋይ ግዝፈትም አያታልልህ። አንድ ቶን ኮንክሪት ባሕር ውስጥ የሚከብደው 570 ኪሎ ግራም ገደማ ብቻ ነው፤ አንድ ቶን ብረት ግን 870 ያህሉ ይቀርለታል።

ይህን ሁሉ ካለፈ ታሰርና በሞተር ወደ ኋላ ጎትተው፤ ኃይሉን ቀስ በቀስ ጨምር። የብስ ላይ አንዱ ከሌላው ኋላ በአንድ መስመር የሚታዩ ሁለት ነገሮች መርጠህ ዓይንህን አትንቀልባቸው። እየተዛነፉ ከሄዱ ድንጋዩ እየተጎተተ ነው። ስትታሰርም በራስህ ሁለት ገመዶች ይሁን፤ እያንዳንዱ ከጀልባዋ አንድ ጎን ወጥቶ በማሰሪያው ቀለበት አልፎ ወደዚያው ጎን ይመለስ። አንዱን ገመድ ከግራ ወደ ቀኝ ካሳለፍከው ጀልባዋ በዞረች ቁጥር እንደ መጋዝ እየተመላለሰ ራሱን ይበላል።

ጠላቂ ከሌላችሁ ወይም ውኃው ከደፈረሰ የእኔ ምርጫ መልሕቅ ነው። ኮራል ላይ ግን በፍጹም አትጣል። ለብዙ ዓመታት ያደገ ሕይወት ትሰብራለህ፤ ሰንሰለቱም ተጠምጥሞ ጠዋት አልወጣ ይልሃል። ነጣ ያለ አሸዋ ፈልግ። ጥልቀቱ 6 ሜትር፣ የጀልባዋ አፍንጫ ከውኃው በላይ 1 ሜትር፣ የባሕሩ ሙላት 2 ሜትር የሚጨምር ከሆነ ድምሩ 9 ነው። የዚህን አምስት እጥፍ፣ ማለትም 45 ሜትር ሰንሰለት ልቀቅ፤ ነፋስ ከበረታ 63 ሜትር ይሁን። ወለሉ ላይ የተኛ ሰንሰለት መልሕቁን በአግድም ይስበውና ይቀብረዋል፤ ያጠረ ግን ወደ ላይ ይነቅለዋል። ከዚያ እንደ ማሰሪያው ወደ ኋላ ጎትተህ ፈትነው።

በማሰሪያ የታሰሩ ጀልባዎች መካከል ግን መልሕቅ አትጣል። እነሱ ባሉበት ይዞራሉ፤ አንተ ያን ሁሉ ሰንሰለት ዘርግተህ ነፋሱ ሲለወጥ ትደርስባቸዋለህ። በጥር ነፋሱ በአብዛኛው ከምሥራቅ ስለሆነ ደሴቱ የሚከልልህን ጎን ምረጥ። ይህ ሁሉ በቀን ብርሃን የሚሠራ ነው፤ ከቀትር በፊት ድረሱ። ማሰሪያውም መልሕቁም ካላረጋጋህ ፀሐይ ሳትጠልቅ ወደ ጅቡቲ ወደብ ተመለሱ።