ጋሼን ጠይቁ፦ አጭር ሞገድ ከድሬዳዋ

ቅዳሜ ከሰዓት ነው፤ ሙቀቱም ከጥላ አያስወጣም። እስኪመሽ እዚሁ ነኝ፤ ስለ አጭር ሞገድ ማዳመጥና ስለ አማተር ሬዲዮ፣ ማለትም ፈቃድ አውጥተው ለፍቅሩ ብለው በሬዲዮ ስለሚነጋገሩ ሰዎች፣ የምትፈልጉትን ጠይቁ። ዕድሜዬን የፈጀሁት ከዚራ ሰፈር ውስጥ ሬዲዮ ስጠግን ነው፤ ስለ ቴሌቪዥን አትጠይቁኝ። ሁለት ነገር ግን አስቀድሜ ልበል። ፈቃድ የሌለው ሰው ይስማ እንጂ አያሰራጭ። የአንቴና ሽቦ ደግሞ ከኤሌክትሪክ መስመር በላይም ሆነ በታች አይለፍ። ሽቦ ይበጠሳል፤ የተበጠሰ ሽቦ የሚወድቅበትን አይመርጥም።

ከሳቢያን፦ ጋሼ፣ ለጀማሪ ጥሩ ሬዲዮ የትኛው ነው?

ጋሼ፦ ምን ልትሰማበት? ዜናና ሙዚቃ ከሆነ አባትህ ቤት አቧራ የለበሰው ናሽናል ፓናሶኒክ ይበቃሃል። አማተሮች ሲነጋገሩ መስማት ከፈለግህ ግን ኤስኤስቢ የሚባለውን የአማተሮች የንግግር ስርጭት ዓይነት የሚቀበል ይሁን፤ ያለዚያ ንግግራቸው አፉን በትራስ ያፈኑት ሰው ማጉረምረም ይሆንብሃል። ቴክሰን ፒኤል 330 ወይም ኤክስኤችዳታ ዲ 808 ይችላሉ። ታይዋን ገበያ ስትሄድ ካርቶኑን አትመን፤ አስከፍተህ ስማ።

ከለገሃሬ፦ አባቴ የተወው ሶኒ አለኝ። ስከፍተው ከ«ሽሽሽ» እና ከ«ዝዝዝ» በቀር ምንም የለም። ተበላሽቶ ይሆን?

ጋሼ፦ እሰይ፣ ጥያቄ ማለት ይህ ነው! ልጄ፣ ሁለቱ ድምፆች አንድ አይደሉም። «ሽሽሽ» የሰማዩ ነው፤ ተዪው። «ዝዝዝ» ግን የቤትሽ ነው። የስልክ ቻርጀር፣ ኤልኢዲ አምፖል፣ የሶላር ኢንቨርተር፣ እነዚህ ሁሉ ኤሌክትሪኩን በሰከንድ ብዙ ሺህ ጊዜ እየቆራረጡ ነው የሚሠሩት፤ ርካሾቹ ደግሞ ያንን ቁርጥራጭ ወደ አየር ይረጩታል። ሬዲዮሽን ከሶኬት ንቀዪና በባትሪ ድንጋይ አድርጊው። ከዚያ የቤቱን መብራት በሙሉ ከቆጣሪው አጥፊ። «ዝዝዝ» አብሮ ከጠፋ ጠላትሽ ቤትሽ ውስጥ ነው፤ ካልጠፋ ጎረቤት ነው።

እኔ ራሴ ባለፈው ክረምት አንድ ጩኸት ሦስት ሌሊት አሳድጃለሁ። ትንሿን ሬዲዮ ታቅፌ ከአጥር አጥር ስዞር የጎረቤቴ ውሻ እስኪለምደኝ ደረሰ። ፍሪጃቸውን ጠርጥሬ ልከሳቸው ጥቂት ነበር የቀረኝ። የተገኘው የት ነው? ከራሴ አልጋ ሥር፤ ስልክ እንኳን ያልተሰካበት ባዶ ቻርጀር።

ቀጥሎ አንቴና። ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ቁጭ ብሎ ሩቅ ጣቢያ መፈለግ ድስት ውስጥ ሆኖ እንደመጣራት ነው። ፕላስቲክ የለበሰ ተራ ሽቦ 10 ሜትር፣ ቢበዛ 15 ግዢ። አንዱን ጫፍ በናይለን ገመድ ከግቢሽ ኒም ላይ አስሪ፤ ሌላውን በመስኮት አስገብተሽ ጫፉን ልጪና በሬዲዮው ዘንግ ላይ ጠምጥሚው። ቆርቆሮውን እንዳይነካ። ርዝመት ሲበዛ የተሻለ እንዳይመስልሽ፤ ትንሽ ሬዲዮ ሽቦ ሲበዛበት ይጠግብና ጣቢያዎቹን ያደባልቃቸዋል። ደመና ሲጠቁር ግን ነቅለሽ ወደ ውጭ አውጪው። መብረቅ አንቴናሽ ለመቀበያ ብቻ መሆኑን አይጠይቅም።

ከሐረር፦ እኛ ከድሬ ወደ 600 ሜትር ገደማ ከፍ እንላለን። ሞገዱ እኛ ዘንድ ሳይሻል አይቀርም።

ከገንደ ቆሬ፦ ጅቦቹም በየማታው የሚሰበሰቡት ለሞገዱ ነው በል።

ጋሼ፦ ለኤፍኤም ቢሆን ከፍታህ ይጠቅምሃል። አጭር ሞገድ ግን ተጉዞ የሚመለሰው ከ200 እስከ 300 ኪሎ ሜትር ከፍታ ካለው፣ አየኖስፌር ከሚባለው የላይኛው አየር ክፍል ነው፤ በዚያ ፊት ያንተ 600 ሜትር ምን አላት? የሚበልጠው ጫጫታ የሌለበት ቤት ነው።

ከሐረር፦ የጁገል ቤት ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ ጫጫታውን ይመልሳል ማለት ነዋ።

ከገንደ ቆሬ፦ ጣቢያውንም አብሮ ይመልሰዋል።

ከሐረር፦ ጣሪያው ላይ እወጣለሁ፤ ጣሪያችን ጠፍጣፋ ነው። የናንተ ቆርቆሮ ላይ ማን ይቀመጣል፣ እንቁላል ይጠብሳል እንጂ።

ጋሼ፦ ሁለታችሁም ጣሪያችሁ ላይ ውጡ፤ እኔን ግን ተዉኝ።

ከመልካ ጀብዱ፦ በስንት ሰዓት ማዳመጥ ይሻላል?

ጋሼ፦ ቀን ድግግሞሻቸው ከፍ ያሉትን ባንዶች፣ 19 እና 16 ሜትር፤ ሜትሩ የሞገዱ ርዝመት ነው፣ ሲያንስ ድግግሞሹ ይጨምራል። ከመሸ 49፣ 41 እና 31 ሜትር። ምክንያቱ ቀን ቀን ፀሐይ በታችኛው የአየኖስፌር ክፍል የምታነሳው ንብርብር ዝቅተኛውን ድግግሞሽ ይውጠዋል፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ይጠፋና መንገዱ ይከፈታል።

ከለገሃሬ፦ ጋሼ፣ ሽቦውን አሰርሁት፤ ዓረብኛ ሰማሁ! ግን የጣቢያዎቹ ዝርዝር በግሪንዊች ሰዓት ነው፤ ግራ ገባኝ።

ጋሼ፦ ጎበዝ። የኛን ሰዓት ያዢና፣ 12ን እንደ 0 ቆጥረሽ፣ ቀን ከሆነ 3 ጨምሪ፤ ማታና ሌሊት ከሆነ 15 ጨምሪ፣ ድምሩ ከ24 ካለፈ 24 ቀንሺ። ምሽት 1 ሰዓት ሲደመር 15፣ 16 ሰዓት። በ1957 ዓ.ም. የጀመረው የጀርመን ድምፅ የአማርኛ ክፍል አድማጩን ያሳደገው በአጭር ሞገድ ነው። የሰማሽውን ሁሉ በደብተር ጻፊ፦ ቀን፣ ሰዓት፣ ድግግሞሽ፣ ቋንቋ፣ የድምፁ ጥራት። ደብተር የሌለው አድማጭ ትናንት የሰማውን ዛሬ እንደገና ይፈልጋል።

ከአሸዋ፦ ባኦፌንግ የእጅ መገናኛ ገዛሁ። በሱ አሜሪካ ማግኘት ይቻላል?

ጋሼ፦ አይቻልም። አጭር ሞገድ የለውም። ፈቃድ ከሌለህ ደግሞ የማሰራጫውን ቁልፍ አትንካ። ከላይ ብያለሁ።

ከአሸዋ፦ ለሙከራ ያህል አንዴ ብጫነውስ?

ጋሼ፦ አትጫን አልሁ እኮ! በዚያ ድግግሞሽ ላይ ማን እንዳለ አታውቅም፤ አምቡላንስ ሊሆን ይችላል።

ከሳቢያን፦ ፈቃዱ ስንት ብር ነው?

ጋሼ፦ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንን ጠይቅ፤ እኔ ገንዘብ ተቀባይ አይደለሁም። ስለ አማተሮቹ ግን ልንገርህ። የኢትዮጵያ ጣቢያዎች መለያ በ«ኢቲ» ይጀምራል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያለው የክበብ ጣቢያ ኢቲ3ኤኤ ይባላል፤ በሌላው ዓለም ያሉ አማተሮች ይህችን መለያ ለማግኘት ይሻማሉ። አንድ ቀን በ14 ሜጋ ኸርዝ ሲሻሙበት ብትሰማ የጥምቀት ሎሚ የተወረወረ ይመስልሃል።

ከመልካ ጀብዱ፦ በ7120 ኪሎ ኸርዝ ሶማልኛ ስርጭት በኃይል ይሰማኛል። የአማተር ቦታ አይደለም እንዴ?

ጋሼ፦ ጆሮህ ደህና ነው። ሬዲዮ ሐርጌሳ ለዓመታት የኖረው በዚያ ላይ ነው። ከመጋቢት 2001 ዓ.ም. ጀምሮ ከ7100 እስከ 7200 ያለው ለአማተሮች እንዲለቀቅ በዓለም አቀፍ ደረጃ ተወስኖ ነበር፤ የአውሮፓ አማተሮች በዚህ ጣቢያ ሲያማርሩ ኖረዋል። ለኛ ግን ሐርጌሳ ጎረቤት ናት። እኔ አንቴና አስሬ ስጨርስ መጀመሪያ የምሞክረው በሷ ነው።

ከገንደ ቆሬ፦ ሁሉም በስልክ ይገኛል እኮ። ኢንተርኔት ባለበት ሽቦ ዛፍ ላይ መስቀል ምን ይሉታል?

ከሐረር፦ ኢንተርኔቱ የተቋረጠ ዕለት እነግርሃለሁ።

ከገንደ ቆሬ፦ ያኔ አንተ ጋ እመጣለሁ፤ ጣሪያህ ጠፍጣፋ ነው ብለሃል።

ከሐረር፦ ና፤ ጫትህን ግን ይዘህ።

ጋሼ፦ እኔ የታሸገ ዓሣና ተጠምዶ የተያዘ ዓሣ አንድ አይደሉም ብዬ አልፌዋለሁ።

ከሳቢያን፦ ሞርስ፣ በነጥብና በሰረዝ የሚላከውን ኮድ፣ መማር ግዴታ ነው?

ጋሼ፦ ለማዳመጥ አይደለም።

አዲስ ገባ፣ ከከዚራ፦ ሰላም ጋሼ፣ ለጀማሪ ጥሩ ሬዲዮ የትኛው ነው?

ጋሼ፦ የመጀመሪያውን መልስ አንብብ።

አዲስ ገባ፣ ከከዚራ፦ አነበብሁት። ግን በአጠቃላይ የትኛው ይሻላል ለማለት ነው።

ጋሼ፦ በአጠቃላይ የሚባል ሬዲዮ የለም፣ ወንድሜ! ቤትህ ያለውን ይዘህ ሽቦ አስር፣ ቻርጀር ንቀል፣ ከዚያ…

ከለገሃሬ፦ ጋሼ? መብራት ጠፋ። እናንተም ጋ?

ጋሼ፦ ከዚራም ጠፍቷል። ሳቢያን?

ከሳቢያን፦ ጠፍቷል።

ጋሼ፦ ምን ትጠብቃላችሁ ታዲያ? በከተማው አንድም ቻርጀር አይሠራም። 31 ሜትር ላይ ግቡ። እኔ ወጣሁ።